እጅ ከኪቦርድ ሳይነሳ

እንደምን ዋላችሁ። ስላይድ አላዘጋጀሁም። ይዤ የመጣሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ስክሪኑ ላይ ተመልከቱት፦

«ስብሰባው ማክሰኞ ጠዋት ስለሆነ እባካችሁ ማንም እንዳይዘገይ።»

ጽፌ ጨርሻለሁ። ከርሰሯ ከአራት ነጥቡ አጠገብ ቆማ ብልጭ ድርግም ትላለች። ልልከው ስል ትዝ አለኝ። ስብሰባው ለካ ረቡዕ ነው። አሁን ምን ላድርግ?

አንዳንዱ ሰው እጁን ከኪቦርዱ አንስቶ ማውዙን ይፈልጋል። ቃሉ ላይ ይጠጋል፣ ክሊክ ያደርጋል፣ በአንድ ፊደል ይስታል፣ እንደገና ክሊክ ያደርጋል። ሌላው ግራ ቀስቱን መጫን ይጀምራል። እስቲ አብረን እንቁጠር። አራት ነጥቡንና ክፍተቶቹን ጨምሮ «ማክሰኞ» መጨረሻ ላይ ለመድረስ 28 ጊዜ ይጫናል። ከዚያ 4 ጊዜ ባክስፔስ። ሦስተኛ ዓይነት ሰውም አለ። ከመጨረሻው ጀምሮ እስከ «ማክሰኞ» ድረስ ያለውን ሁሉ በባክስፔስ ጠራርጎ ያጠፋና እንደ አዲስ ይጽፋል። አትሳቁ። እኔ ለዓመታት ሦስተኛው ሰው ነበርኩ።

አሁን እዩኝ። ሆም። ኮንትሮልና ቀኝ ቀስት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቀኝ ቀስት። «ረቡዕ» ብዬ አንድ ክፍተት። አለቀ።

ይህን ያደረግኩት ዊንዶውስ ላይ ነው። አጠገቡ ባለው ማክ ላይ እነዚሁኑ ቁልፎች ብጫን ሌላ ጉድ ይመጣል። ሆም ስጫን ከርሰሯ ንቅንቅ አትልም። ጽሑፉ ረጅም ከሆነ ስክሪኑ ብቻ ወደ ሰነዱ አናት ይንሸራተታል። መጻፍ ስጀምር ደግሞ ተመልሶ ወደ ነበርኩበት ይወረወራል። ኮንትሮልና ቀኝ ቀስት ስጫንማ፣ ሁለተኛ ዴስክቶፕ ከፍቼ ከሆነ፣ ያለሁበት ዴስክቶፕ በሙሉ ወደ ጎን ሄዶ ጽሑፌ ከፊቴ ይሰወራል። ምን ነካሁ ያሰኛል።

ዛሬ የማወራው ስለዚህ ግራ መጋባት ነው።

ምን ያህል ልሂድ?

የአቋራጭ ቁልፎችን ዝርዝር አትሞ ግድግዳ ላይ የለጠፈ ሰው አውቃለሁ። እኔው ነኝ። ስድስት ወር ተለጥፎ አንዱም ጭንቅላቴ ውስጥ አልገባም። ነገሩ የገባኝ ዝርዝሩን ቀድጄ ከጣልኩ በኋላ ነው።

ከርሰር የሚያንቀሳቅስ ሰው የሚመልሰው ሁለት ጥያቄ ነው። ወዴት? ምን ያህል? ወዴት የሚለውን ቀስቱ ይመልሳል። ምን ያህል የሚለውን ደግሞ ከቀስቱ ጋር የምትይዙት ቁልፍ ይመልሳል። ርቀቱም ብዙ ዓይነት አይደለም። አንድ ፊደል፣ አንድ ቃል፣ እስከ መስመሩ ጫፍ፣ አንድ አንቀጽ፣ እስከ ሰነዱ ጫፍ። በቃ። ሲስተሞቹ የሚጣሉት ለየትኛው ርቀት የትኛውን ቁልፍ እንስጥ በሚለው ላይ ነው።

ዊንዶውስ ላይ ርቀቱን የሚያስረዝመው ኮንትሮል ነው። ቀስቱ ብቻውን አንድ ፊደል ይሄዳል። ኮንትሮል ሲጨመርበት አንድ ቃል። ኮንትሮል ከላይና ከታች ቀስቶች ጋር፣ እንደ ዎርድ ባሉ ፕሮግራሞች ውስጥ፣ አንድ አንቀጽ ይዘላል። ሆምና ኤንድ የመስመሩን ሁለት ጫፎች ይሰጣሉ። ኮንትሮል ስትጨምሩባቸው የሰነዱን ሁለት ጫፎች። ኮንትሮል ሥራው አንድ ነው፤ «ያንኑ አድርግ፣ ግን ራቅ አድርገህ» ማለት። የሊኑክስ ዴስክቶፖችም በአብዛኛው ይህንኑ መንገድ ይከተላሉ። ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ የዞረ ሰው በተራ የጽሑፍ ሳጥን ውስጥ ብዙም አይደናበርም።

ማክ ሥራውን ለሁለት ቁልፎች አከፋፍሎታል። ኦፕሽን መካከለኛ ርቀት ነው። ኮማንድ እስከ ጫፍ ነው። ኦፕሽን ከቀኝና ከግራ ቀስት ጋር ቃል፣ ከላይና ከታች ጋር አንቀጽ ይሄዳል። ኮማንድ ከቀኝና ከግራ ጋር የመስመር ጫፍ፣ ከላይና ከታች ጋር የሰነድ ጫፍ። የምሠራው በሁለቱም ነው፤ አዳልቼ አይደለም፤ ግን የማክ አደላደል ይበልጥ ንጹሕ ይመስለኛል። ሆምና ኤንድ የት ናቸው እያሉ መፈለግ የለም። አራቱ ቀስቶች ይበቃሉ። ላፕቶፕ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ሆምና ኤንድን አንዴ ላይኛው ጥግ ያደርጓቸዋል፣ አንዴ ከኤፍ ኤን ቁልፍ ጋር ቀስቶቹ ውስጥ ይደብቋቸዋል። ላፕቶፕ በቀየራችሁ ቁጥር አዲስ ፍለጋ ነው። ክሮምቡክ ላይ ደግሞ ጭራሽ የሉም። እዚያ የሰርች ቁልፍን ይዛችሁ ግራ ቀስት ስትጫኑ ሆም፣ ቀኝ ቀስት ስትጫኑ ኤንድ ይሆናል።

ርቀቱን አንዴ ከያዛችሁ ሁለት ነገር በምርቃት ታገኛላችሁ።

አንደኛው ሺፍት ነው። የትኛውም የርቀት ጥምር ላይ ሺፍት ጨምሩበት፤ ከርሰሯ የሄደችበት ሁሉ ይመረጣል። በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስ ዴስክቶፕም ያው ነው። ሁሉም ከተስማሙባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ስለሆነ ውደዱት። ትንሽ ብትስቱ እንኳ ሺፍትን ሳትለቁ ወደ ኋላ መመለስ ትችላላችሁ።

ሁለተኛው ማጥፋት ነው። በቀስቱ ቦታ ባክስፔስን አስገቡ። ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮልና ባክስፔስ ከኋላ ያለውን ቃል ያጠፋል። ማክ ላይ ኦፕሽንና ዲሊት። ማክ ዲሊት የሚለው ሌላው ዓለም ባክስፔስ የሚለውን እንደሆነ ልብ በሉ። ኮማንድና ዲሊት ደግሞ እስከ መስመሩ መጀመሪያ ጠርጎ ይወስደዋል። አንዳንድ አሮጌ የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ውስጥ ኮንትሮልና ባክስፔስ ቃሉን በማጥፋት ፈንታ ትንሽ ባዶ ሳጥን ይጽፋል። ያ ሳጥን ቁጥሩ 127 የሆነ የድሮ የማጥፊያ ምልክት ነው። ፕሮግራሙ ትእዛዙን ስላላወቀው እንደ ፊደል ቆጥሮ አተመው ማለት ነው።

ሌላው ቤተሰብ

እስካሁን ያወራሁት ቀስት ስላላቸው ሰዎች ነው። ቀስት የማያስፈልገው ሌላ ቤተሰብ አለ። ቴርሚናል፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት፣ የሚጠቀም ሰው ያውቀዋል።

ሊኑክስ ላይ ቴርሚናል ስትከፍቱ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ባሽ የሚባለውን ሼል፣ ማለትም የምትጽፉትን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽመውን ፕሮግራም ነው። የባሽን የጽሑፍ መስመር የሚያስተዳድረው ሪድላይን የተባለ ላይብረሪ፣ ማለትም ፕሮግራሞች የሚጋሩት የኮድ ስብስብ ነው። እዚያ ኮንትሮልና ኤ የመስመሩ መጀመሪያ ነው። ኮንትሮልና ኢ መጨረሻው። ኮንትሮልና ኤፍ አንድ ፊደል ወደ ፊት፣ ኮንትሮልና ቢ አንድ ፊደል ወደ ኋላ። በኮንትሮል ፈንታ ኦልት ስትይዙ ኤፍና ቢ ቃል በቃል ይሄዳሉ። ኮንትሮልና ኬ ከከርሰሯ እስከ መስመሩ መጨረሻ ይቆርጣል። ኮንትሮልና ዩ ከከርሰሯ ወደ ኋላ ያለውን ይቆርጣል። ኮንትሮልና ዋይ የተቆረጠውን ይመልሳል።

ይህ ከየት መጣ? ኢማክስ ከተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ነው። ኢማክስ የተወለደው በ1976 ኤምአይቲ ውስጥ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። ሪቻርድ ስቶልማን ከሠሩት ሰዎች ዋነኛው ነው። የፊደላቱ ምርጫ ከእንግሊዝኛ ቃላት የተወሰደ ነው፤ ኤፍ የ«ፎርዋርድ»፣ ቢ የ«ባክዋርድ»፣ ኢ የ«ኤንድ»። ኤ ደግሞ የፊደል ተራው መጀመሪያ ስለሆነች የመስመር መጀመሪያ ብላችሁ ያዟት።

የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። አፕል ኔክስት የተባለውን ኩባንያ መግዛቱን በ1996 መጨረሻ አስታወቀ። የዛሬው ማክ ሲስተም የተሠራው በኔክስት መሠረት ላይ ነው። ከመሠረቱ ጋር የኢማክስ ቁልፎችም አብረው ገቡ። ስለዚህ ማክ ላይ በኢሜይል ሳጥን፣ በማስታወሻ፣ በብራውዘር ውስጥም ኮንትሮልና ኤ፣ ኮንትሮልና ኢ፣ ኮንትሮልና ኬ ይሠራሉ። ማክን ለዓመታት ተጠቅመው ይህን ሰምተው የማያውቁ ሰዎች አሉ። አንድ ረቂቅ ልዩነትም አለ። ኮማንድና ግራ ቀስት በዓይን የምታዩት መስመር መጀመሪያ ላይ ያቆማችኋል። ኮንትሮልና ኤ ግን ወደ አንቀጹ መጀመሪያ ይወስዳችኋል። አንቀጹ አምስት መስመር ከሆነ ሁለቱ የተለያየ ቦታ ናቸው።

ቀስት ለምን አልነበረም?

ጥያቄው ዛሬ እንግዳ ይመስላል። በ1970ዎቹ ግን ብዙ ተርሚናሎች፣ ማለትም ያኔ ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኙት ስክሪንና ኪቦርድ ያላቸው ዕቃዎች፣ የቀስት ቁልፍ አልነበራቸውም። የነበራቸው ፊደል፣ ቁጥርና ኮንትሮል ነው። ያኔ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ባለው ነገር ተብቃቅቶ ነው የሚሠራው።

ቢል ጆይ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሳለ በ1976 ቪአይ የተባለውን ማረሚያ ጻፈ። የሚሠራበት ተርሚናል ኤዲኤም 3ኤ ይባላል። በዚያ ተርሚናል ኪቦርድ ላይ ኤች፣ ጄ፣ ኬ እና ኤል በሚባሉት አራት ፊደሎች ቁልፍ ላይ ቀስቶች ተስለው ነበር። ጆይ እነዚያን ወሰደ። ኤች ግራ፣ ጄ ታች፣ ኬ ላይ፣ ኤል ቀኝ። ዛሬም ቪም የሚባለውን ተተኪውን የሚጠቀም ሰው በእነዚሁ ነው የሚንቀሳቀሰው። ተርሚናሉ ሙዚየም ገብቷል፤ ጣቶቹ ግን እዚያው ናቸው።

ቀስቶቹ እነዚያ ቁልፎች ላይ ለምን ተሳሉ? ይህ ደግሞ አስኪ ወደሚባለው የፊደላት ቁጥር አሰጣጥ ይወስደናል። በአስኪ ኮንትሮልን ይዛችሁ አንድ የላቲን ፊደል ስትጫኑ የሚላከው የፊደሉ ተራ ቁጥር ነው። ኤ 1፣ ቢ 2፣ እያለ ይቀጥላል። ኤች ስምንተኛ ፊደል ናት፤ 8 ቁጥር በአስኪ ባክስፔስ ነው፣ ማለትም አንድ እርምጃ ወደ ግራ። ጄ አሥረኛ ናት፤ 10 ቁጥር አዲስ መስመር ነው፣ ማለትም አንድ እርምጃ ወደ ታች። ስለዚህ ኤች ግራ መሆኗ፣ ጄ ታች መሆኗ የማንም ድንገተኛ ፍላጎት አልነበረም። ዛሬም ቴርሚናል ውስጥ ኮንትሮልና ኤች ብትጫኑ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፊደል ወደ ኋላ ይጠፋል። ማክ ላይ በተራ የጽሑፍ ሳጥን ውስጥም ይሠራል። ሞክሩት።

ወርድስታር ሌላ መንገድ መረጠ። በ1978 የወጣ የጽሑፍ ፕሮግራም ነው። ፊደላቱን በስማቸው ሳይሆን በተቀመጡበት ቦታ ነው የመረጣቸው። በግራ እጅ ጣቶች ሥር ኢ፣ ኤስ፣ ዲ እና ኤክስ እንደ አልማዝ ቅርጽ ይሠራሉ። ከኮንትሮል ጋር ኢ ላይ፣ ኤክስ ታች፣ ኤስ ግራ፣ ዲ ቀኝ። ከኤስ ወደ ውጭ ያለችው ኤ አንድ ቃል ወደ ግራ፣ ከዲ ወደ ውጭ ያለችው ኤፍ አንድ ቃል ወደ ቀኝ። ወደ ውጭ በወጣችሁ ቁጥር ርቀቱ ይጨምራል። ይህን ያሰበ ሰው «ምን ያህል?» የሚለው ጥያቄ በደንብ ገብቶት ነበር። ያኔ ኮንትሮል የሚገኘው ከኤ አጠገብ፣ ዛሬ ካፕስ ሎክ በተንሰራፋበት ቦታ መሆኑንም አትርሱ። ትንሿ ጣት ሳትለጠጥ ትደርስበታለች። በኋላ የአይቢኤም ባለ 101 ቁልፍ ኪቦርድ ኮንትሮልን ወደ ታች አውርዶ ካፕስ ሎክን እዚያ አስቀመጠው። እኔ ይህን ውሳኔ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም።

የ1981 የአይቢኤም ፒሲ ቀስት ነበረው፣ ግን ከቁጥሮቹ ጋር ተዳብሎ ነው። 4 ግራ፣ 6 ቀኝ፣ 8 ላይ፣ 2 ታች፣ 7 ሆም፣ 1 ኤንድ። ናም ሎክ ከተበራ ቁጥር ይጽፋል፣ ከጠፋ ይንቀሳቀሳል። ቀስት ልጫን ብሎ መሐል መስመር ላይ 4444 የጻፈው ሰው ስንት እንደሆነ እንጃ።

የመጀመሪያው ማኪንቶሽ ደግሞ በ1984 ሲወጣ ኪቦርዱ ላይ ቀስት ጭራሽ አልነበረውም። ሆን ተብሎ ነው። ስቲቭ ጆብስ ሰዎች ማውዙን እንዲለምዱ ፈልጎ ነበር። ቀስት ካለ የድሮውን ዓይነት ፕሮግራም ይጽፋሉ፣ ማውዙም አቧራ ይጠጣል። ሁለት ዓመት ቆይቶ ማኪንቶሽ ፕላስ ሲመጣ ቀስቶቹም መጡ። ማውዙ ያኔ ተለምዶ ነበር። ቀስት ያልነበረው ኩባንያ ዛሬ በቀስት አጠቃቀም ሌላውን መብለጡ ያስቀኛል።

ቁልፍ ሲጋጭ

ሦስት ሲስተም የሚጠቀም ሰው ጣቶቹ ከጭንቅላቱ ይቀድማሉ። አደጋውም እዚያ ነው።

አንድ ጊዜ ብራውዘር ውስጥ ረጅም ማመልከቻ እየሞላሁ ነበር። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ ነው። ያን ሰሞን የምውለው ማክ ላይ ስለነበር ጣቴ ኦፕሽን የለመደ ነው። አንድ ቃል ወደ ኋላ ልመለስ ብዬ ኦልትና ግራ ቀስትን ተጫንኩ። በዊንዶውስ ብራውዘር ኦልትና ግራ ቀስት ማለት ወደ ቀደመው ገጽ ተመለስ ማለት ነው። ገጹ ተመለሰ። ወደ ፊት ስመጣ ቅጹ ባዶ ነው። አርባ ደቂቃ የጻፍኩት ውኃ በላው። ከዚያ ቀን ወዲህ ረጅም ነገር ብራውዘር ሳጥን ውስጥ በቀጥታ አልጽፍም። ሌላ ቦታ ጽፌ ኮፒ ፔስት ነው።

ኮንትሮልና ደብሊውም እንዲሁ ነው። ቴርሚናል ውስጥ ከኋላ ያለውን ቃል ያጠፋል። በዊንዶውስና በሊኑክስ ብራውዘር ውስጥ ታቡን ዘግቶት ቁጭ ይላል። ኮንትሮልና ኤ ማክ ላይ ወደ አንቀጹ መጀመሪያ ይወስዳችኋል፤ ዊንዶውስ ላይ ሁሉንም ይመርጣል። ቀጥሎ የምትጽፉት አንድ ፊደል ሰነዱን በሙሉ ይተካዋል። ይህ ሲደርስባችሁ አትደንግጡ፣ ምንም አትንኩ፣ ኮንትሮልና ዜድ ብቻ ተጫኑ። ሌላ አንድ ልጨምር፤ ከርሰርን ባይመለከትም ብዙ ሰው ያስለቅሳል። ልማድ ሆኖበት ቴርሚናል ውስጥ ሴቭ ለማድረግ ኮንትሮልና ኤስ የተጫነ ሰው ስክሪኑ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ተበላሸ ብሎ ይዘጋዋል። አልተበላሸም። ኮንትሮልና ኤስ የድሮ «ቁም» ምልክት ነው። ኮንትሮልና ኪው ብትሉት ይቀጥላል።

ቃል የት ያልቃል?

አሁን ወደ ዓረፍተ ነገራችን እንመለስ። ዊንዶውስ ላይ ሆም ብዬ ኮንትሮልና ቀኝ ቀስትን አንድ ጊዜ ስጫን ከርሰሯ የቆመችው «ማክሰኞ» ፊት፣ ከክፍተቱ በኋላ ነው። ማለትም ወደሚቀጥለው ቃል መጀመሪያ ዘለለች። ማክ ላይ በኮማንድና ግራ ቀስት መስመሩ መጀመሪያ ላይ ሆኜ ኦፕሽንና ቀኝ ቀስት አንድ ጊዜ ስጫን ግን የምትቆመው «ስብሰባው» መጨረሻ ላይ፣ ከክፍተቱ በፊት ነው። የአሁኑን ቃል ጨርሳ ቆመች።

ልዩነቱ አንድ ክፍተት ነው። አንዷ ክፍተት ግን የእጅን ልማድ ትለውጣለች። ማክ ላይ ኦፕሽንና ቀኝ ቀስት ሁለት ጊዜ፤ አሁን «ማክሰኞ» መጨረሻ ላይ ነኝ። ኦፕሽንና ዲሊት፤ ቃሉ ጠፋ፣ በሁለቱም ወገን ክፍተቱ ቀረ። «ረቡዕ» ብቻ እጽፋለሁ፤ ክፍተት መጨመር አያስፈልገኝም። ዊንዶውስ ላይ በሺፍት ስመርጥ ግን ከቃሉ ጋር ተከታዩ ክፍተትም አብሮ ይመረጣል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ «ረቡዕ» ብዬ ክፍተት የጨመርኩት። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚመላለስ ሰው ጽሑፉ ውስጥ የተጣበቁ ቃላትና ድርብ ክፍተቶች የሚበዙት በዚህ ነው።

የትኛው ትክክል ነው? ቪአይ ሁለቱንም ይዞ ነበር። ደብሊው ወደሚቀጥለው ቃል መጀመሪያ፣ ኢ ወደ ቃሉ መጨረሻ። ኢማክስ የቃሉን መጨረሻ መረጠ። ክርክሩ ከእኛ በፊት ነበረ፣ ከእኛም በኋላ ይኖራል። እኔ ለማረም የማክን፣ ለማንበብ የዊንዶውስን እመርጣለሁ፤ ሁለቱን በአንድ ኮምፒውተር ማግኘት ነው የቸገረኝ።

ቃል ራሱ ምንድን ነው የሚለውም እንደዚያው አከራካሪ ነው። ባሽ ውስጥ «ሰነዶች/ደብዳቤዎች/ረቂቅ» የሚል የፋይል መንገድ ጽፋችሁ ኮንትሮልና ደብሊው ብትጫኑ በሙሉ ይጠፋል፤ ለእሱ ቃል ማለት በክፍተት የተለየ ሁሉ ነው። ኦልትና ባክስፔስ ብትጫኑ ግን «ረቂቅ» ብቻ ይጠፋል፤ ለእሱ እዝባሯም ድንበር ናት። ሁለት ቁልፍ፣ ሁለት የቃል ትርጉም፣ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ። ታይኛ፣ ቻይንኛና ጃፓንኛ በቃላት መካከል ክፍተት አይጽፉም። እዚያ ኮምፒውተሩ ቃል የት እንደሚያልቅ ለማወቅ መዝገበ ቃላት ይዞ መቀመጥ አለበት። የዓለም ፊደላትን ለኮምፒውተር በቁጥር የሚመዘግበው ዩኒኮድ ለዚህ ሁሉ ቁጥር 29 የተባለ ራሱን የቻለ አባሪ ደንብ አለው።

ፊደልም ቢሆን ቀላል አይደለም። የእኛ ፊደል በዚህ በኩል አድሎናል። «ላ» ለመጻፍ ሁለት ቁልፍ ልንጫን እንችላለን፤ ከተጻፈች በኋላ ግን አንድ ናት። አንድ ቀስት ያልፋታል፣ አንድ ባክስፔስ ያጠፋታል። ኢሞጂ እንደዚህ የዋህ አይደለም። አባት፣ እናት፣ ሴት ልጅና ወንድ ልጅ ያሉበት የቤተሰብ ኢሞጂ በውስጡ ሰባት ቁራጭ ነው። አራት ሰዎች፣ ሦስት የማይታዩ ማያያዣዎች። ቀስት ስትጫኑ እንደ አንድ ይታለፋል። ባክስፔስ ስትጫኑ ግን አንዳንድ ፕሮግራሞች አንድ ልጅ ብቻ ቀንሰው ቤተሰቡን ይተዉላችኋል። ዓረብኛና ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጻፉ ደግሞ ከእንግሊዝኛ ጋር በተቀላቀሉበት መስመር ላይ ቀኝ ቀስት ወዴት ይሂድ የሚለው ራሱ ጥያቄ ነው። በዓይን ወደሚታየው ቀኝ ወይስ በንባብ ወደ ፊት? ፕሮግራሞቹ አልተስማሙም።

ስለ ስልክ አንድ ነገር ብቻ ልበል። አይፎን ላይ ስፔሱን ተጭናችሁ ቆዩ፤ ኪቦርዱ ወደ መዳሰሻ ሰሌዳ ይለወጣል፣ ጣታችሁን ስታንሸራትቱ ከርሰሯ ትከተላለች። አንድሮይድ ላይ የጉግልን ኪቦርድ የምትጠቀሙ ከሆነ ስፔሱ ላይ ጣታችሁን ወደ ጎን ጎትቱ። በአውራ ጣት ሁለት ፊደሎች መካከል ክሊክ ለማድረግ መታገል ከዛሬ ጀምሮ ይቅር።

ጥያቄ ቀርቦልኛል። «ይህን ሁሉ ከየት ልጀምር?» ይላል።

ከአንድ ጀምሩ። እኔ የምመርጠው ቃል የሚያጠፋውን ነው፤ በዊንዶውስ ኮንትሮልና ባክስፔስ፣ በማክ ኦፕሽንና ዲሊት። በቀን ብዙ ጊዜ ስለምንሳሳት ብዙ ጊዜ እንለማመደዋለን። እሱ እጃችሁ ላይ ሲገባ በባክስፔሱ ቦታ ቀስቱን አስገቡ። ከዚያ ሺፍት። ካፕስ ሎክን ወደ ኮንትሮል መቀየር የሚፈልግ ማክ ላይ በኪቦርድ ሴቲንግ ውስጥ ያገኘዋል። አብዛኞቹ የሊኑክስ ዴስክቶፖችም መንገድ አላቸው። ዊንዶውስ ላይ ማይክሮሶፍት የሚሰጠውን ፓወር ቶይስ ማውረድ ይበቃል።

ሌላም ጥያቄ አለ። «ማውዙን ማቆም ግን እንዴት ይቻላል? እጄ ሳላስበው ይሄዳል።» የእኔም እንደዚያ ነበር። ለሁለት ሳምንት ማውዙን ከኪቦርዱ በግራ በኩል፣ ከስክሪኑ ኋላ አስቀመጥኩት። መንቀል አላስፈለገም። በተነሳሁ ቁጥር ሽቦው ቡናዬን ሊደፋው ሲደርስ እጄ ራሱ ተመለሰ።